ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል ወይ? ከዳሎል ተነስቶ መታጠቢያ ቤት የገባ ክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ተከታታይ የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። መምህሩ የአሲድነት ልክ የሆነው የፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል) ከ0 ተነስቶ 14 ላይ ያበቃል ብለው አስተምረውታል። እሱ ደግሞ ስለ ዳሎል በተሠራ ዘጋቢ ዝግጅት ላይ የአንዳንዶቹ ኩሬዎች ፒኤች ከዜሮ በታች መሆኑን ሰማ። ታዲያ የቱ ነው ልክ? መምህሩን የማሳጣት ሐሳብ እንደሌለውም አስቀድሞ ተናግሯል።

ክሩ ረዘመ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ። ከርዕስ የወጡትንም አልዘለልኩም። እንዲያውም ዋናው ቁም ነገር የመጣው ክሩ መስመሩን ከሳተ በኋላ ነው።

1ኛው መልስ ለጥያቄው ቦታ አልሰጠውም። ዘጋቢ ዝግጅት ተመልካች ለመሳብ ያጋንናል፤ መለኪያው ከ0 እስከ 14 ነው፣ አለቀ ደቀቀ። 2ኛው በዚህ ተስማማ። ፈተና ላይ ከዚህ ውጪ የሚመልስ ነጥቡን ይጥላል ብሎም ልጁን አስፈራራው።

3ኛውን የጻፉት የጡረታ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ከባሕር ዳር። ማንንም ሳያስቀይሙ ነው የገቡበት። የልጁ መምህር ለጀማሪ የሚበቃውን እንዳስተማሩ መሰከሩላቸው። ከዚያ ወደ ሥረ ነገሩ ወረዱ። ፒኤች በአንድ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ምን ያህል የሃይድሮጂን አዮን (አሲድ የሚያደርገው፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) እንዳለ በአጭሩ የሚጻፍበት መንገድ ነው። አዮኑ በሊትር 0.1 ሞል (ሞል ኬሚስቶች የቅንጣት ብዛት የሚቆጥሩበት መስፈሪያ ነው) ሲሆን ፒኤች 1 ይሆናል። 0.01 ሲሆን 2። ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.0000001 ሞል አለው፤ ያን ሁሉ ዜሮ ከመደርደር 7 ብሎ መገላገል ነው። አሁን በተቃራኒው እንሂድ አሉ። በሊትር 1 ሞል ሲሆን ፒኤች 0 ይወጣል። 10 ሞል ሲሆንስ? በዚያው ስሌት ፒኤቹ ኔጌቲቭ 1 ይሆናል። ዜሮ ላይ የሚያስቆም ግድግዳ የለም። ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሊትር 12 ሞል ያህል ስለሚይዝ፣ ዳሎል ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ ከዜሮ በታች ነው።

መምህሩ ታሪኩንም ነካ አደረጉት። ፒኤችን በ1909 ያመጣው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ፕሮቲንና ኢንዛይም የሚያጠና ሰው ነው፤ የሚነካካው ብጥብጥ በጣም ቀጭን ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከ0 እስከ 14 ከበቂ በላይ ነው። ለአብዛኞቻችንም ይበቃል። ሲለመድ ግን የተፈጥሮ አጥር መሰለን። ለእኔ ከክሩ መልሶች ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይህ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ካወቁ ማለቂያው የት ነው ብሎ መጨነቅ ይቀራል።

4ኛው መልስ የልጁ ነው። ከ14 በላይስ ይወጣል ወይ አለ። መምህሩ በ5ኛው መለሱለት። በውሃ ውስጥ እስኪበቃው የሟሟ ኮስቲክ ሶዳ ወደ 15 ይጠጋል። አንድ ነገርም አከሉ፤ ውሃ 7 የሚሆነው በ25 ዲግሪ ብቻ ነው። በ100 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ 6.1 አካባቢ ይሆናል፤ አሲድ ግን አልሆነም። የሃይድሮጂኑም፣ የቤዝ ምልክት የሆነው የሃይድሮክሳይዱም አዮን እኩል ስለሚበዛ ገለልተኛ እንደሆነ ይቆያል። 1ኛውን የጻፈው ሰው እዚህ ላይ ዝም አለ።

6ኛው አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ባትሪ የሚሠራ ሰው ነው። ፒኤች የሚባል ነገር ለክቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር በሚያነጻጽር መሣሪያ) የሚነበበውን ነው። የሞላ ባትሪ ላይ 1.27 አካባቢ ሲያሳይ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የባትሪ አሲድ ፒኤች ስንት እንደሚሆን ልጁ እንዲያሰላለት ጠየቀ። ከዚያ እንዴት እንደሚቀላቅል ዘረዘረ። መጀመሪያ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ የተጣራውን ውሃ ያደርጋል። አሲዱን በቀጭኑ እያንጠባጠበ፣ በፕላስቲክ ዘንግ እያማሰለ ይጨምራል። ባልዲው ይሞቃል። ከውጭ በእጅ ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ ቆም ብሎ ይጠብቃል። መነጽር ሳያደርግ አይጀምርም። በተቃራኒው ውሃን አሲድ ላይ ያፈሰሰ ሰው ፊቱ ላይ ሲፈናጠርበት አይቷል። የሱሪው ነገር ደግሞ ያስገርመዋል። ጠብታ ሲያርፍበት ምንም አይታይም። ታጥቦ ሲሰጣ ነው ቀዳዳው የሚወጣው።

7ኛው ስሌቱን ሠራለት። እንዲህ ያለው አሲድ በሊትር 4 ሞል ተኩል ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚይዝ ፒኤቹ ከዜሮ በታች ይውላል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ኔጌቲቭ ፒኤች ሲነካካ ኖሯል ማለት ነው። ስለ ሱሪውም አስረዳ። ጠብታው ሲያርፍ ቀጭን ነው፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ አሲዱ አይተንም። እየወፈረ፣ የጥጡን ክር እየበላ ይቆያል። ክሩ ከውስጥ አልቆ ቅርጹ ብቻ ስለሚቀር ውሃና ማሸት ሲነካው ይረግፋል።

8ኛው ከዚህ ተነስቶ ተሳሳተ። አሲድ በወፈረ ቁጥር ሁሉን ነገር የበለጠ ይበላል ብሎ ደመደመ። 9ኛው ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ቶሎ አረመው። 98 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ በብረት ታንከር ይጓጓዛል፣ በብረት ጋን ይቀመጣል። ብረቱ ላይ የሚከላከል ሽፋን ስለሚሠራ በቶሎ አይበላውም። ያንኑ አሲድ በውሃ አቅጥነህ ብታስቀምጠው ግን ብረቱን ይበላዋል። አሲድ አዮኑን የሚለቀው ውሃ ሲያገኝ ነው፤ 98 በመቶው ላይ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ፒኤች ራሱ እዚያ ላይ ትርጉሙ ይጠፋል።

10ኛው ላይ የብዙ ተማሪ ችግር የሆነው ጥያቄ መጣ። ብርቱ አሲድና ወፍራም አሲድ አንድ አይደሉም ወይ? 11ኛዋ መላሽ ለዚህ ያመጣችው ምሳሌ ደስ ብሎኛል። ድፍድፍ ጠላ ውሃ ሲገባበት ይቀጥናል፤ ጌሾው ግን ያው ጌሾ ነው። ወፍራምና ቀጭን የውሃ ጉዳይ ነው። ብርቱና ደካማ የአሲዱ የራሱ ጠባይ ነው።

12ኛው ምሳሌውን በቁጥር አጸናው። ሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶ አቼቶ በሊትር 0.8 ሞል ያህል አሴቲክ አሲድ አለው። ፒኤቹ 2.4 አካባቢ ነው። ይህን ፒኤች በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማግኘት የፈለገ ሰው በሊትር 0.004 ሞል ይበቃዋል። 200 እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ምክንያቱም ሃይድሮክሎሪክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ይለያያል፤ የአቼቶው አሲድ ከ1000 ሞለኪውል 5 ያህሉ ብቻ ናቸው ሃይድሮጂናቸውን የሚለቁት። የቀሩት እንደተያያዙ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ።

እስካሁን ሰላም ነበር። ከዚህ በኋላ አቶሞች እርስ በርስ የሚያያዙበት ትስስር ተነሳና ጠቡ ተጀመረ።

13ኛውን የጻፈው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይመስለኛል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ አዮን ስለሚሰጥ ትስስሩ አዮናዊ (አዮኖች በመሳሳብ የተያያዙበት) ነው ብሎ በድፍረት ጻፈ። 14ኛው እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አምጥቶ እንደሚጽፍ በንቀት ጠየቀው። ማስረጃ ግን አላቀረበም። 15ኛው ላይ የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ተናዶ በስድብ መለሰ። 16ኛው ላይ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። የሚሳደብ እንደሚወጣ፣ የሚያርም ደግሞ ምክንያቱን እንዲጽፍ አዘዘ። ደግ አደረገ። ኬሚስትሪን ያህል ነገር በንቀት የሚያስረዳ ሰው ተማሪ ያባርራል እንጂ አያስተምርም።

17ኛው መልስ የባሕር ዳሩ መምህር ነው። ነገሩን ያበረዱት እሳቸው ናቸው። ሦስት ነገር ውሃ ውስጥ ጨምሩና አስቡ አሉ። ስኳር ስትጨምሩ ሞለኪውሉ እንዳለ ሙሉ ሆኖ በውሃው መካከል ይበተናል፤ ውስጡ ያለ ትስስር አይበጠስም። ስለዚህ የስኳር ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የገበታ ጨው ድሮም የሶዲየምና የክሎራይድ አዮን ክምር ነው። ውሃው አዮኖቹን ከክምሩ እየነጠለ፣ እየከበበ ይወስዳቸዋል። የሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ምንጭ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ግን ጋዝ ሆኖ ሳለ ኮቫለንት (አቶሞቹ ኤሌክትሮን በመጋራት የተያያዙ) ነው፤ አዮን የለውም። ውሃ ሲገባ ነው የውሃው ሞለኪውል ሃይድሮጂኑን ጎትቶ የሚወስደው። አዮኑ እዚያው ይወለዳል። ማረጋገጫውም አለ። ጋዙን ውሃ በሌለበት ቶሉይን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ብታሟሙት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሊትመስ ወረቀትም፣ ደረቅ ከሆነ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ አይለውጥም። አሲድ የሚሆነው ውሃ ሲያገኝ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ በ18ኛው መልስ አመሰገናቸው። 14ኛው ሰው አልተመለሰም።

19ኛው ላይ ከመቀሌ ቱሪስት እየመራ ዳሎል የሚወርድ ወጣት ተቀላቀለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች መሆኑን፣ ሙቀቱን፣ የጨው ቅርፊቱ ከእግር ሥር ሲንኮታኮት የሚሰማውን ድምፅ ጻፈ። እንግዳ ጫማው እንዳይነከር አጥብቆ ይናገራል። ሶሉ ተላቆ በካልሲ የተመለሰ ሰው አይቷልና። ውሃው ከሥር ሲወጣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው፤ ራቅ ሲል ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ላይ ቡና ዓይነት ይሆናል። ቢጫው ድኝ ስለሆነ አሲዱም የድኝ አሲድ ነው የሚል ግምት አለው።

20ኛው መልስ ግምቱን በትሕትና አስተካከለ። ድኝ በቦታው አለ። የቀለሙ ዋና ባለቤት ግን ብረት ነው። ከሥር የሚወጣው ውሃ ውስጥ ብረቱ ገና ኦክሲጅን አላገኘም፤ አረንጓዴው ከዚያ ነው። አየር ሲያገኘው ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይሄዳል። አስጎብኚው ከቅርብ ወደ ሩቅ የሚቆጥረው ቀለም የብረቱ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ውሃው ደግሞ በክሎራይድ የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጨው ክምር ትንሽ አይደለም።

21ኛው መልስ ክሩን የከፈተውን ልጅ ጥያቄ ጨርሶ የመለሰው ነው። ጸሐፊው የመለኪያ መሣሪያ ያውቃል። ኔጌቲቭ ፒኤች እውነት ነው፤ ግን በቀላሉ አይለካም አለ። ለትምህርት ቤት የምንገዛው ባለ መስታወት ኤሌክትሮድ (ብጥብጡ ውስጥ የሚነከረው የመለኪያ ዘንግ) እዚህ ላይ ስህተት ይሰጣል። ሁለተኛ ነገር፣ ፒኤች በጥብቅ ሲተረጎም የሚቆጥረው የአዮኑን ብዛት ብቻ አይደለም፣ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚሠራ ጭምር ነው። እንደ ዳሎል ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ አብዛኛው የውሃ ሞለኪውል የጨውን አዮኖች በመክበብ ተይዟል። ለሃይድሮጂኑ አዮን የሚተርፈው ውሃ ጥቂት ነው። ስለዚህ አሲዱ ከብዛቱ በላይ ብርቱ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ዳሎል ብቻውን አይደለም። በካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን በሚባለው የማዕድን ቦታ ኔጌቲቭ 3.6 የሆነ ውሃ መለካቱ በ2000 ታትሟል። እዚያ አሲዱን የሚሠራው የብረትና የድኝ ማዕድን የሆነው ፓይራይት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው።

22ኛው በዳሎል ውሃ ሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። 23ኛው በአጭሩ መለሰ። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አየሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በጣም ጨዋማና በጣም አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አላገኘሁም አለ።

24ኛው ላይ ክሩ ከዳሎል ወጥቶ አማራ ክልል፣ አዊ ዞን ገባ። ጸሐፊው የግብርና ባለሙያ ነው። ኔጌቲቭ ፒኤች ለቱሪስት ይሁን፣ ገበሬውን የሚያስርበው ፒኤች 5 ነው ብሎ ጀመረ። ቃሉ ጠንከር ይላል፤ ግን እውነት አለው። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይነገራል። ዝናብ የበዛበት ደጋ ላይ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ታጥቦ ይሄዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ገብስ ሲነቀል ሥሩ አጭርና ደነዝ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ታች አልወረደም። ማዳበሪያ ቢጨመርም ፎስፈረሱን አፈሩ ይይዘዋል፣ ለሰብሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲዱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ችግሩ በሄክታር ብዙ ኩንታል መጠየቁ ነው፤ ማጓጓዣው ገበሬውን ያደክመዋል። በዞኑ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ ሰብሉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ወደ ማክሰል የገባው አሲዳማው አፈር እህል ስለከለከለውም ነው።

25ኛው በ5.5 እና በ4.5 መካከል ያለችው አንድ ቁጥር ምን ያህል ለውጥ እንደምታመጣ አልገባውም። 26ኛው ወደ 3ኛው መልስ መራው። አንድ ቁጥር ማለት 10 እጥፍ ነው። የ3ኛውን ስሌት ያነበበ ሰው የገበሬውን ችግር ይረዳል።

27ኛው ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። በክረምት ሊጧ አልኮመጥጥ ብሎ እንዳስቸገራት አማረረች። 28ኛው ከምድጃው አጠገብ ሙቀት ያለበት ቦታ እንድታኖረው መከራት፤ ሊጥን የሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን ብርድ ያዘገያቸዋል። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ፒኤቹ ወደ 4 አካባቢ እንደሚወርድም ነገራት።  

29ኛው መልስ ግን ሁሉንም አስቆመ። የጻፈችው በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ስለ ዳሎል የምታውቀው ነገር እንደሌለ፣ ስለ አሲድ ግን የሚያስጨንቃት ጉዳይ እንዳለ ገለጸች። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም። ሸክላው ላይ ውሃው እየደረቀ የሚተወው ነጭ ቅርፊት በአሲድ ካልሆነ አይለቅም። አሲዱን አፈሰሰች። ሳታጥበው ቶሎ እንዲነጣላት በላዩ በረኪና ጨመረች። ጉሮሮዋ ተዘጋ። ዓይኗ አነባ። እየተንፏቀቀች ነው የወጣችው። ሌሊቱን ሙሉ አሳላት። ማዳሟ ሥራ ለመሸሽ ነው ብላ አላመነቻትም። እህታችን የጠየቀችው ያ ምን እንደነበረና እንደገና ቢደርስባት ምን ማድረግ እንዳለባት ነው።

30ኛው መልስ በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ አደገኛው ነው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ደብተሩን አስታውሶ ነው የጻፈው። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሆናሉ፤ በረኪና ቤዝ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጣፍተዋል፣ የሸተታት ሽታ ብቻ ነው አላት።

31ኛዋ መላሽ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የምትሠራ ኬሚስት ናት። አልራራችለትም። እንዲህ ያለ ምክር ሰው እንደሚገድል በግልጽ ነገረችው፤ መልሱ እንዲነሳም ጠየቀች። ቁጣዋ ተገቢ ነው። ከዚያ ለእህታችን ጎንበስ ብላ አስረዳቻት። በረኪና ቤዝ ብቻ አይደለም። ውስጡ ሃይፖክሎራይት አለ፤ ክሎሪኑ በውስጡ ታስሮ የሚቆየው ፒኤቹ ከፍተኛ፣ 12 አካባቢ ስለሆነ ነው። ፒኤቹ ሲወርድ ሃይፖክሎራይቱ ወደ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይለወጣል። 7.5 ላይ ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው። ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ አሲዱ ሲገባ ክሎሪን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አዎ፣ ጨውና ውሃም ይገኛል፤ ከእነሱ ጋር ግን ጋዙ አለ። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው እሱ ነው። ይህ ጋዝ ሚያዝያ 1915 በቤልጅየም ኢፕር አጠገብ ወታደር የተጨረሰበት ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል። ጎንበስ ብሎ ሸክላ የሚፈትግ ሰው አፍንጫ ያለውም እዚያው ነው።

32ኛው ማንም ጤነኛ ሰው ሁለት ኬሚካል እንደማይቀላቅል ጽፎ እህታችንን ወቀሳት። 33ኛው፣ 34ኛውና 35ኛው በአንድ ላይ ተነሱበት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በማታነበው ቋንቋ መሆኑን፣ ማንም አስተምሯት እንደማያውቅ አስታወሱት። 36ኛው ላይ አስተባባሪው 30ኛውንም 32ኛውንም አነሳቸው። 30ኛውን የጻፈው ሰው በ37ኛው ይቅርታ ጠየቀ።

38ኛው መልስ የኬሚስቷ ነው፤ ምን መደረግ እንዳለበት። ሽታው እንደመጣ ለማጠብ ወይም ለመድፋት ሳይሞክሩ ወጥቶ በሩን ክፍት መተው። ወደ አየር መሄድ። ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ማውለቅ። ደረት የሚያፍን፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ሐኪም ቤት፤ ሳንባ ላይ የሚመጣው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። አቼቶም ሎሚም አሲድ ነው፤ እነሱም ከበረኪና ጋር አይገናኙም። አሞኒያ ያለበት የመስታወት መወልወያም እንዲሁ፤ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣዋል። አስጎብኚው በመሀል ገብቶ በረኪና እንዲህ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ ለምን ይጨመራል አላት። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አለችው፤ ውሃ አጋር የተባለው የቤት ውሃ ማከሚያም የሚሠራው በዚያው ሃይፖክሎራይት ነው። የውሃው ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆን ጀርም የመግደል ጉልበቱ ስለሚደክም እነሱ ጣቢያው ላይ ፒኤቹን ሳይለኩ ክሎሪን አይጨምሩም።

40ኛው ቤይሩት ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ኬሚስትሪ አልጻፈችም፤ ኑሮ ነው የጻፈችው። ቅርፊቱን በአሲድ የምታስለቅቀው ጠዋት ነው፤ በሩን ከፍታ፣ ማናፈሻውን አብርታ። ከዚያ በብዙ ውሃ ታጥበዋለች። በረኪናውን የምትነካው በሌላ ቀን ነው። ባልዲውና ጨርቁም የተለያየ ነው። ማዳም ሁለቱን ደባልቂ ብላ ካዘዘች ጋዝ ሳም በዪያት አለቻት፤ መርዝ ጋዝ ማለት ነው፣ በዐረብኛው ይገባታል። እህታችን በ41ኛው አመስግና፣ ይህን ለጓደኞቿ በድምፅ ቀድታ እንደምትልክላቸው ጻፈች። አብዛኞቹ ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው ነው።

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ስላለ እኔ ልጨምር። አገር ቤት በረኪናም አሲድም በሃይላንድ እየተቀዳ ይሸጣል፤ ቤትም በዚያው ይቀመጣል። ውሃ የመሰለውን ጠርሙስ ልጅ አንስቶ ይጎነጫል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ደራርቦ ያፈሳል። ጠርሙሱ ላይ በማርከር ስሙን ይጻፉበት፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ፕላስተር ይዙሩበት፣ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጡ። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ እንደገና ያቃጥለዋል። የበረኪናውን ሎሚ፣ የአሲዱን ሶዳ ያጠፋዋል ብሎ ማጠጣትም አይቻልም፤ ሲገናኙ የሚወጣው ሙቀትና ጋዝ ሌላ ጉዳት ነው። አፉን በውሃ አጉመጥምጠው፣ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ።